የፈርነስ ቦርድ ሲበላሽ፦ ማስጠገን ይሻላል ወይስ መቀየር?

በጥር ብርድ ሚኒያፖሊስ ወይም ዴንቨር ላይ ፈርነስ ሲቆም ከቴክኒሻን አፍ ብዙ ጊዜ የሚወጣው ቃል «ቦርዱ ሄዷል፣ ይቀየር» ነው። ቦርድ የሚባለው የፈርነሱን ሥራ የሚያዘው የኤሌክትሮኒክስ ሰሌዳ ነው። የእጅ ዋጋውን ጨምሮ ከ400 እስከ 800 ዶላር ቢጠየቁ አይገርምም። ቃሉ እውነት የሚሆንበት ጊዜ አለ። ግን የተበላሸው ቦርዱ ላይ ያለ የ5 ዶላር ሪሌይ (በኤሌክትሪክ የሚሠራ ማብሪያ ማጥፊያ)፣ ወይም በሪሌዩ እግር ዙሪያ የተሰነጠቀች አንዲት ነጥብ ሶልደር (እግሩን ከቦርዱ ጋር የሚያጣብቀው የቀለጠ ብረት) ልትሆንም ትችላለች። ቦርዱ ፍጹም ጤነኛ ሆኖ የተቃጠለው ርካሽ ፊውዝ ብቻ የሚሆንበት ጊዜም አለ።

ይህ ንጽጽር በአሜሪካና በካናዳ ቤቶች ስላለው፣ በጋዝ ስለሚሠራውና ሞቃት አየር በቱቦ ስለሚያሰራጨው ፈርነስ ነው። ቦይለር፣ በዘይት የሚነድ ፈርነስና ሂት ፓምፕ የራሳቸው ጣጣ ስላላቸው እዚህ አልገቡም።

መጀመሪያ፦ በእርግጥ ቦርዱ ነው?

ቦርድ የሚፈረድበት በሚቀበለውና በሚሰጠው ነው። መቀበል ያለበትን ሁሉ ተቀብሎ መስጠት ያለበትን ካልሰጠ ተበላሽቷል። ያልተቀበለውን ስላልሰጠ ግን አይወቀስም። ስለዚህ የሥራውን ቅደም ተከተል ማወቅ ግድ ነው።

ቴርሞስታቱ ሙቀት ሲጠይቅ 24 ቮልት ደብልዩ በተባለው ሽቦ ወደ ቦርዱ ይገባል። ቦርዱ ፕሬዠር ስዊቹ፣ ማለትም የጭስ ማውጫው አየር መሳቡን የሚያረጋግጠው ማብሪያ፣ ክፍት መሆኑን አይቶ ለኢንዱሰሩ፣ ማለትም የጭስ ማውጫውን አየር ለሚስበው ትንሽ ሞተር፣ 120 ቮልት ይሰጣል። ሞተሩ ሲዞር ፕሬዠር ስዊቹ ይዘጋል፣ ማለትም ኤሌክትሪክ ያሳልፋል። ከ15 እስከ 30 ሰከንድ ያህል ከቆየ በኋላ ጋዙን የሚለኩሰው ኢግናይተር ይግላል፣ ከዚያ ለጋዝ ቫልቩ 24 ቮልት ይሄዳል፣ ጋዙም ይቀጣጠላል። ነበልባሉ በጥቂት ሰከንዶች ውስጥ ካልታየ ቦርዱ ጋዙን ይዘጋል። ከታየ ደግሞ ከግማሽ ደቂቃ ገደማ በኋላ ትልቁን የአየር ማራገቢያ ያስነሳል።

ፈርነሱ የቆመበት ቦታ ጥፋተኛውን ይጠቁማል።

የቦርዱ ኤልኢዲ መብራት ጨርሶ ከጠፋ ብሬከሩን፣ በሩ በትክክል ካልገጠመ ኃይል የሚያቋርጠውን የበር ስዊች፣ ቀጥሎም አር እና ሲ በተባሉት ጫፎች መካከል 24 ቮልት መኖሩን ይለኩ። ከ24 እስከ 28 ቢያነብ ደህና ነው። ፊውዙ የመኪና ዓይነት ሲሆን ሐምራዊው 3 አምፔር፣ ቡናማው 5 አምፔር ነው። አዲስ ፊውዝ ሲያስገቡ ወዲያው ከተቃጠለ የቴርሞስታቱን ሽቦዎች ሁሉ ከቦርዱ ነቅለው ሌላ ያስገቡ። አሁን ካልተቃጠለ ሾርቱ ያለው ሽቦዎቹ ላይ ነው። የተለመደው ጥፋተኛ ውጭ ወዳለው ኤሲ የሚሄደው ቀጭን ሽቦ ነው፤ የሣር ማጨጃ ይቆርጠዋል ወይም የብረት ጠርዝ ይልጠዋል። ከተጻፈው የሚበልጥ አምፔር ያለው ፊውዝ አያስገቡ። የተለመደው ባለ 40 ቮልት-አምፔር ትራንስፎርመር በ24 ቮልት ሊሰጥ የሚችለው 1.7 አምፔር ገደማ ብቻ ስለሆነ፣ ፊውዙ ካልቀደመ የሚነደው ትራንስፎርመሩ ነው።

እሳቱ በርቶ ከጥቂት ሰከንድ በኋላ የሚጠፋ ከሆነ መጀመሪያ የሚጠረጠረው ነበልባሉ ውስጥ የሚገባው ቀጭን ዘንግ፣ ፍሌም ሴንሰሩ ነው። ቦርዱ እሳት መኖሩን የሚያውቀው በነበልባሉ በኩል በሚያልፍ እጅግ ትንሽ ኤሌክትሪክ ነው፤ ጤነኛው አብዛኛውን ጊዜ ከ1 እስከ 5 ማይክሮ አምፔር ነው። ዘንጉ ላይ የተጋገረ ቆሻሻ ይህን ያሳንሰዋል። በደቃቅ የብረት ሱፍ ማጽዳት ሁለት ደቂቃ አይፈጅም። እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚዘለው ነገር አለ፦ ያ ኤሌክትሪክ ወደ ቦርዱ የሚመለሰው በፈርነሱ ብረትና በግራውንዱ በኩል ነው። የዛገ የግራውንድ ብሎን ወይም የተገለባበጠ ኒውትራልና ላይን ያለበት ቤት ውስጥ ሦስት ቦርድ ቢቀያየር እሳቱ መጥፋቱን አያቆምም።

ኢንዱሰሩ እየዞረ ሌላ ነገር ካልቀጠለ የፕሬዠር ስዊቹን የላስቲክ ቱቦና የውኃ መውረጃውን ይመልከቱ። ማራገቢያው አልጠፋም ካለ ደግሞ ቴርሞስታቱ ላይ ፋኑ «ኦን» ላይ አለመሆኑን፣ የአየር ፊልተሩ አለመደፈኑንና ፈርነሱ ከልክ በላይ ሲግል የሚከፈተው ሊሚት ስዊች አለመከፈቱን ያረጋግጡ። ተጣብቆ የቀረ ሪሌይ የሚጠረጠረው ከነዚህ ሁሉ በኋላ ነው። ኢግናይተሩ መጋል ባለበት ሰዓት ሶኬቱ ላይ ቮልት እየደረሰ ካልጋለ የሞተው ኢግናይተሩ ነው፤ ቮልቱ ካልደረሰ ወደ ቦርዱ ይመለሱ።

መመዘኛዎቹ

*የተበላሸው የትኛው ክፍል ነው?* ከሁሉ የሚቀድመው ይህ ነው፤ ከዋጋም ይቀድማል። ቦርድ ጡንቻና አንጎል አለው እንበል። ጡንቻው ሪሌዮቹ፣ የሪሌዮቹ ሶልደር፣ 120 ቮልት የሚሸከሙት ወፋፍራም የመዳብ መስመሮች፣ ሽቦ የሚሰካባቸው ጫፎችና የፊውዝ መያዣው ናቸው። አንጎሉ ማይክሮ ቺፑ፣ ነበልባል የሚለየው ሰርኪዩትና ለጋዝ ቫልቩ ኃይል የሚሰጠው ክፍል ነው። የጡንቻ ጉዳት በዓይን ይታያል፣ በቴስተር ይለካል፣ ተጠግኖም ይፈተናል። የአንጎል ጉዳት አይታይም፤ ሲሳሳት ደግሞ ስህተቱ መዘጋት ሲገባው ጋዝ መክፈት ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ጡንቻው ይጠገናል፣ አንጎሉ ይተካል። የጋዝ ቫልቩ ሪሌይ ምንም እንኳ ሪሌይ ቢሆን ከአንጎሉ ጋር ይቆጠራል፤ እሱን ቀይሮ ለመቆጠብ መሞከር ሒሳቡ አያዋጣም።

*ምን ገደለው?* ቦርድ ያለ ምክንያት አይቃጠልም። ማራገቢያው ሞተር ስም ሰሌዳው ላይ ከተጻፈው አምፔር በላይ እየሳበ ከሆነ የሪሌዩን ምላስ (ኤሌክትሪኩን የሚያገናኘውን ክፍል) ያቃጥላል። የሞተሩ ካፓሲተር ከተጻፈበት ማይክሮፋራድ ከ10 በመቶ በላይ ከወረደ ሞተሩ ለመነሳት ይቸገራል፤ ውጤቱ ያው ነው። ከፈርነሱ በላይ የተቀመጠው የኤሲ ኮይል ውኃ ቦርዱ ላይ ካንጠባጠበ ነጭና አረንጓዴ ዝገት ይታያል። አይጥ ገብታ ሸንታበት ከሆነም እንዲሁ። ገዳዩ ካልተያዘ አዲሱም ቦርድ ሟች ነው።

*ዋስትና አለው?* ብዙ አምራቾች ፈርነሱ በጊዜው ከተመዘገበ ለመለዋወጫ የ10 ዓመት፣ ካልተመዘገበ የ5 ዓመት ዋስትና ይሰጣሉ። የእጅ ዋጋ ብዙውን ጊዜ አይካተትም። ዋስትናው ካላለቀ ቦርዱን የሶልደር ካውያ ባይነካው ይሻላል።

የቀሩት መመዘኛዎች ግልጽ ናቸው፦ የፈርነሱ ዕድሜ (ከ15 እስከ 20 ዓመት የተለመደ ነው)፣ ቤቱ ሳይሞቅ ስንት ቀን መቆየት እንደሚቻል፣ እና የማራገቢያው ሞተር ዓይነት። የመጨረሻው የሚረሳ ነው። ተለዋዋጭ ፍጥነት ያለው ሞተር ከቦርዱ ጋር በመረጃ ይነጋገራል፤ ስለዚህ ከዚህ በታች ካሉት አማራጮች አንዳንዶቹ ለእሱ አይሆኑም።

አንደኛ፦ ቦርዱን መጠገን

ለጡንቻ ጉዳት የሚሆን ነው። አዲስ አበባ ቴሌቪዥንና ራዲዮ ሲጠግን የኖረ ሰው በአካባቢዎ ካለ የእጁ ሙያ ከበቂ በላይ ነው። የሚጎድለው ጋዝን የሚመለከተው ጥንቃቄ ነውና የመጨረሻው ፍተሻ አይዘለል።

ብሬከሩን ያጥፉ፣ የጋዙን ቧንቧ ይዝጉ፣ ቴስተር አድርገው ኃይል አለመኖሩን ያረጋግጡ። የሽቦዎቹን አሰካክ ከሦስት አቅጣጫ ፎቶ ያንሱ። ቦርዱን ከመንካት በፊት የፈርነሱን ብረት ይንኩ፤ የሰውነት ስታቲክ ቺፑን ይገድላል። ከዚያ ቦርዱን ገልብጠው ከጀርባው በአጉሊ መነጽር ይፈልጉ። የተሰነጠቀ ሶልደር በሪሌዩ እግር ዙሪያ እንደ ቀጭን ጥቁር ቀለበት ይታያል። ሪሌዩን ከፊት ቀስ ብለው ሲነቀንቁት እግሩ ብቻውን ከተንቀሳቀሰ አግኝተውታል። ሪሌዩ በየጊዜው ሲግልና ሲቀዘቅዝ ሶልደሩ ስለሚደክም ይህ በአሮጌ ቦርዶች ላይ የታወቀ ነው።

የሚያስፈልገው ሙቀቱ የሚስተካከል ወደ 60 ዋት የሆነ የሶልደር ካውያ፣ በሮዚን የተሞላ 60/40 ወይም 63/37 ሶልደር፣ የድሮውን ሶልደር የሚመጥ የመዳብ ጥልፍ፣ እና ከ90 በመቶ በላይ የሆነ አይሶፕሮፒል አልኮል ነው። ካውያውን በሴንቲግሬድ 350 ዲግሪ አካባቢ ያድርጉ። የቧንቧ ሠራተኞች የሚጠቀሙበትን አሲድ ያለው ፍላክስ አያስጠጉት፤ መዳቡን ቀስ በቀስ ይበላዋል።

ብዙዎች ስንጥቁን በካውያ ነክተው ያልፉታል። የድሮው ሶልደር ኦክሳይድ ስለሆነ ለአንድ ክረምት ይይዝና እንደገና ይሰነጠቃል። መከላከያ ቅብ ካለ ይፋቁ፣ የድሮውን ሙሉ በሙሉ ይምጠጡ፣ እግሩንና መዳቡን ያጽዱ፣ አዲስ ይሙሉ። በአንድ እግር ላይ ከ3 እስከ 4 ሰከንድ በላይ አይቆዩ፤ መዳቡ ከቦርዱ ይላቀቃል።

ሪሌዩ ራሱ ከተበላሸ አዲሱ በአራት ነገር መመሳሰል አለበት፦ የጥቅልሉ ቮልት (ሪሌዩ ጀርባ ላይ ይጻፋል፤ ብዙ ጊዜ 24 ቮልት ዲሲ፣ አንዳንዴ 12)፣ የሚሸከመው አምፔርና የሞተር አቅም፣ የእግሮቹ ብዛትና አቀማመጥ፣ እንዲሁም ሳይነቃ የሚዘጋ ምላስ መኖር አለመኖሩ። በአምፔር መብለጥ ይችላል፣ ማነስ አይችልም።

የተቃጠለ መስመር ሲሆን ጥቁሩን ከሰል እስከ ንጹሑ የቦርድ አካል ድረስ ፍቀው ያውጡ፤ ከሰል ኤሌክትሪክ ያስተላልፋል። ከዚያ 16 ጌጅ ሽቦ፣ ሽፋኑ 105 ዲግሪ ሴንቲግሬድ የሚችል፣ ከነጥብ ወደ ነጥብ ይዘርጉ። ቃጠሎው ቦርዱን ከበሳው፣ ወይም ከ120 ቮልቱ ክፍል ወደ 24 ቮልቱ ክፍል ከተሻገረ ቦርዱ ለመጣል ነው። ሽቦ የሚሰካበት ጫፍ የተቃጠለ ከሆነ የሽቦውንም ራስ ቆርጠው አዲስ ይግጠሙ። ያቃጠለው የላላው የሽቦ ራስ ነውና።

ፍተሻው፦ መጀመሪያ የፍሌም ሴንሰሩን ሽቦ ነቅለው ፈርነሱን ያስነሱ። እሳቱ በርቶ በጥቂት ሰከንድ ውስጥ መጥፋት አለበት። ካልጠፋ ወዲያው ዘግተው ቦርዱን ይጣሉ፤ ክርክር የለውም። ከጠፋ ሽቦውን መልሰው ሦስት ሙሉ ዙር ከመነሻ እስከ መጥፊያ ይመልከቱ።

ሁለተኛ፦ ልኮ ማስጠገን

ቦርዱን በፖስታ ተቀብለው የሚያድሱ ድርጅቶች አሉ። ዋጋው ብዙ ጊዜ ከ100 እስከ 250 ዶላር፣ ጊዜው መላኪያን ጨምሮ ከአንድ እስከ ሁለት ሳምንት ነው። ምርቱ ለተቋረጠ ቦርድና ለውድ ባለ ተለዋዋጭ ፍጥነት ቦርድ ከሁሉ የተሻለው መንገድ ይህ ነው። ከመላክ በፊት ሪሌዮቹን ሁሉ ይቀይሩ እንደሆነ ወይስ የተበላሸውን ብቻ፣ ጭነት አስገብተው ይፈትኑ እንደሆነ፣ ዋስትናው ስንት ወር እንደሆነ ይጠይቁ። «እናያለን» የሚል መልስ ከመጣ ሌላ ቤት ይፈልጉ።

ሦስተኛ፦ ያገለገለ ቦርድ

ከ40 እስከ 120 ዶላር ይገኛል። ግን ከፈረሰ ፈርነስ የወጣ ቦርድ የእርስዎን ቦርድ ዕድሜና የእርስዎን የደከመ ሶልደር ይዞ ነው የሚመጣው። ራስዎ ሶልደር ማድረግ የሚችሉ ከሆነ ይግዙትና መጀመሪያ የሪሌዮቹን እግሮች ያድሱ። የማይችሉ ከሆነ አይመከርም።

አራተኛ፦ አማራጭ ወይም ዩኒቨርሳል ቦርድ

ሃኒዌል፣ ዋይት ሮጀርስ፣ አይሲኤም የመሳሰሉ አምራቾች ለብዙ ፈርነስ የሚሆኑ ቦርዶች ይሠራሉ። አንድ ፍጥነት ያለው፣ በ120 ቮልት ኢግናይተር የሚሠራና ተራ ሞተር ያለው ፈርነስ ካለዎት ከ80 እስከ 200 ዶላር ጥሩ መፍትሔ ነው። የሚታየው የፈርነሱ ስም ሳይሆን በድሮው ቦርድ ላይ የታተመው ቁጥር ነው፤ ከአምራቹ የመተኪያ ዝርዝር ውስጥ ከሌለ አይግዙ። በ80 ቮልት የሚሠሩ ኢግናይተሮችም ስላሉ ሳያዩ መሰካት ያቃጥላቸዋል።

አምስተኛ፦ አዲስ ኦሪጅናል ቦርድ

ቦርዱ ብቻ ከ150 እስከ 400 ዶላር፣ ለባለ ተለዋዋጭ ፍጥነት ደግሞ ከዚያም በላይ። የአንጎል ጉዳት ካለ ወይም ዋስትናው ካላለቀ ሌላ አማራጭ ማሰብ አያስፈልግም። ሲገጠም ሁለት ስህተት ይደጋገማል። አንደኛው በድሮው ቦርድ ላይ ያሉትን ትናንሽ ማብሪያ ማጥፊያዎች አቀማመጥ አለመገልበጥ ነው። ሁለተኛው የሞተሩን የፍጥነት ሽቦዎች ማማታት ነው፤ ሥራ የሌላቸው ሽቦዎች «ፓርክ» በተባለው ቦታ ይሰካሉ እንጂ ሁለት ፍጥነት በአንድ ላይ አይነካካም፣ ሞተሩ ይቃጠላል። አንዳንድ ሞዴሎች ላይ የፈርነሱን መለያ የሚይዝ ትንሽ ሚሞሪ ካርድ አለ፤ ከድሮው ቦርድ ሳይነቅሉ አይጣሉት።

ስድስተኛ፦ ፈርነሱን መቀየር

ከነገጠማው ብዙ ጊዜ ከ4,000 እስከ 8,000 ዶላር። ሂት ኤክስቼንጀሩ፣ ማለትም የእሳቱን ሙቀት ወደ ቤቱ አየር የሚያስተላልፈው ብረት፣ ከተሰነጠቀ የቦርድ ጉዳይ አብቅቷል። ካልተሰነጠቀ ግን በቦርድ ብቻ ፈርነስ ይቀየር የሚል ሻጭ ሲመጣ ስንጥቁን በፎቶ ወይም በካሜራ እንዲያሳይ ይጠይቁ።

| አማራጭ | ግምታዊ ዋጋ (ዶላር) | ጊዜ | የሚሆነው ለ | የማይሆነው ለ |
|---|---|---|---|---|
| ራስ መጠገን | 5–40 | ከ1 እስከ 3 ሰዓት | የሪሌይ፣ የሶልደር ጉዳት | ቺፕ፣ የጋዝና የነበልባል ክፍል |
| ልኮ ማስጠገን | 100–250 | 1–2 ሳምንት | የተቋረጠ ወይም ውድ ቦርድ | በክረምት መካከል |
| ያገለገለ | 40–120 | ጥቂት ቀናት | ሶልደር ለሚችል | ለማይችል |
| ዩኒቨርሳል | 80–200 | የዚያው ቀን ሊሆን ይችላል | ተራ፣ አንድ ፍጥነት ፈርነስ | ተለዋዋጭ ፍጥነት |
| ኦሪጅናል አዲስ | 150–400+ | ከ1 እስከ 5 ቀን | ዋስትና ያለው፣ የአንጎል ጉዳት | ምርቱ የተቋረጠ |
| አዲስ ፈርነስ | 4,000–8,000 | ከ1 እስከ 3 ቀን | የተሰነጠቀ ሂት ኤክስቼንጀር | ቦርድ ብቻ ለተበላሸበት |

ከመጨረሻው ረድፍ በስተቀር ቴክኒሻን ከገጠመው የእጅ ዋጋ ይጨመርበታል። የራስ ጥገናው ሒሳብ ካውያና ቴስተር አስቀድሞ ላለው ነው።

ለማን የትኛው?

ተከራይ ከሆኑ ቦርዱን አይንኩት። ለአከራዩ በጽሑፍ፣ ቀንና የቤቱን ሙቀት ጠቅሰው ያሳውቁ።

ፈርነሱ ከ10 ዓመት በታች ከሆነ መጀመሪያ የሞዴሉንና የሲሪያል ቁጥሩን ይዘው ዋስትናውን ያጣሩ። ያለ ክፍያ የሚመጣ ቦርድ እያለ 200 ዶላር ማውጣት ጥፋት ነው።

ከ10 እስከ 17 ዓመት የሆነና የጡንቻ ጉዳት ብቻ ያለበት ከሆነ መጠገን ከሁሉ ያዋጣል፤ ተራ ፈርነስ ከሆነም ዩኒቨርሳል ቦርድ ገዝቶ ቤት ማስቀመጥ ክፉ ሐሳብ አይደለም። የተጠገነው በየካቲት ቢከዳ ማታ ማታ መደወል ይቀራል።

ከ18 ዓመት በላይ ለሆነና ሂት ኤክስቼንጀሩ ጤነኛ ለሆነ ፈርነስ ከ250 ዶላር በላይ ቦርድ ላይ ማውጣት አይመከርም። ጠግነው ክረምቱን ይሻገሩበት፣ አዲሱን በግንቦት ይግዙ፤ ሥራ በቀዘቀዘበት ወቅት ዋጋ ለመደራደርም ይመቻል።

ቤቱ አሁኑኑ እየቀዘቀዘ ከሆነ በእጅ ያለውን ቦርድ ይጠግኑ ወይም በከተማው መጋዘን ያለውን ይግዙ፤ ሌላው ሁሉ ይቆያል። እስከዚያው ባለ 1,500 ዋት የኤሌክትሪክ ማሞቂያ በአንድ ብሬከር ላይ አንድ ብቻ ይሰኩ። የጋዝ ምድጃን ለማሞቂያ መክፈትም ሆነ የቡና ከሰሉን በተዘጋ ክፍል ማንደድ ካርቦን ሞኖክሳይድ ያመጣል፤ ሽታ የለውም፣ የተኛን ሰው አይቀሰቅስም።

ከየትኛውም ጥገና በኋላ መኝታ ቤቶቹ አጠገብ የካርቦን ሞኖክሳይድ ማንቂያ መኖሩንና ጊዜው አለማለፉን ይዩ፤ ማንቂያው ጀርባ ላይ የሚተካበት ቀን ታትሟል። ቦርዱን የገደለው ውኃ ከነበረ የኤሲውን ውኃ መውረጃ ጠርገው፣ ከቦርዱ በላይ ውኃውን ወደ ጎን የሚመራ የቆርቆሮ ጥላ ይግጠሙ። ከሁለት ሳምንት በኋላ ኃይሉን አጥፍተው ቦርዱን አንዴ ይመልከቱት፦ በሪሌዮቹ እግር አካባቢ አዲስ ቡናማ ቀለም ካለ ሞተሩ አሁንም ከልክ በላይ እየሳበ ነው።